ለሳይደር የሚሆን አፕል እንዴት ይመረጣል?

«ሳይደር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ከዚያ እንጀምር። በእንግሊዝና በፈረንሳይ ሳይደር የሚባለው የአፕል ጭማቂ ተብላልቶ አልኮል ያለው መጠጥ ሲሆን ነው። በአሜሪካ ግን ያልተጣራ፣ ያልተብላላ ጭማቂም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ልጆቹ ሳይደር ጠጡ» ሲሉን መደንገጥ አይገባንም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ዛፉ እንጂ መጠጡ አይደለም። ከወላጆቻችን መካከል በአገር ቤት ደጋ መሬት ላይ አፕል ለመትከል ገንዘብ የሚያጠራቅሙ አሉ፤ ዝርያውን የሳተ ሰው ደግሞ ነገሩን የሚያውቀው ከሦስትና ከአራት ዓመት ልፋት በኋላ ነው።

ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ማርና ውሃ ብቻውን ብርዝ ነው፤ ጠጅ የሚያሰኘው ጌሾው ነው። ሳይደር ጌሾ የለውም፤ ምሬቱን የሚያገኘው ከፍሬው ከራሱ ነው። ይህን ምሬት የሚሰጠው ታኒን ይባላል፤ ብዙ የፈላ ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያደርቀው እሱ ነው። ከገበያ የምንገዛው አፕል ታኒኑ አነስተኛ ስለሆነ ለመብላት ግሩም ነው፤ ሳይደሩ ግን ይሳሳል። ጥሩ የሳይደር አፕል ብዙውን ጊዜ ሲገምጡት ፊት ያስጨማድዳል።

በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1903 የተቋቋመው የሎንግ አሽተን ጣቢያ አፕሎችን በሁለት መለኪያ ለይቷቸዋል። የጭማቂው አሲድ ከ0.45 በመቶ ከበለጠ ኮምጣጣ፣ ታኒኑ ከ0.2 በመቶ ከበለጠ መራራ ይባላል። ከዚህ አራት ወገን ይወጣል፦ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ መራራ ጣፋጭና መራራ ኮምጣጣ። የሱመርሴቱ ዳቢኔት መራራ ጣፋጭ ነው። ኪንግስተን ብላክ መራራ ኮምጣጣ ሲሆን ብቻውን ጥሩ ሳይደር ይወጣዋል ይባልለታል፤ ዛፉ ግን ፍሬ ይሰስታል፣ በሽታም ይደፍረዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ ጠማቂዎች የተለያዩ ዝርያዎችን ይቀላቅላሉ፤ እኛም ይህን አስተዋይነት እንለዋለን።

ጣዕሙ ከተመረጠ በኋላ የዛፉ ጠባይ ይመጣል። አፕል ከዘሩ ቢበቅል እናቱን አይመስልም፤ የሚፈለገው ዝርያ በሌላ ሥር ላይ መከተብ አለበት። የዛፉን ቁመት በአመዛኙ የሚወስነው ይህ ሥር ነው፤ ኤም 9 የተባለው ድንክ ያደርገዋል፣ ኤም 25 ግን ትልቅ ዛፍ ያወጣል። አብዛኞቹ ዝርያዎች በራሳቸው ብናኝ በደንብ ስለማያፈሩ በአንድ ወቅት የሚያብብ ጎረቤት ያስፈልጋቸዋል። አንዳንዶቹ፣ በተለይ መራራ ጣፋጮቹ፣ አንድ ዓመት አፍርተው በሚቀጥለው ያርፋሉ።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጥያቄ ግን ብርድ ነው። ብዙ የአውሮፓ ዝርያዎች በክረምት እንቅልፋቸው ወቅት ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ለ1,000 ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ። በምድር ወገብ አጠገብ ይህ አይገኝም፤ ኪንግስተን ብላክን ናይሮቢ ቢተክሉት ቅጠል እያየን መኖር ነው። እስራኤል ውስጥ የወጣው አና የተባለው ዝርያ ግን በ300 ሰዓት ገደማ፣ ከዚያም ባነሰ ይረካል፤ ከባሃማስ የተገኘው ዶርሴት ጎልደን አብሮት ስለሚያብብ ጥሩ ጎረቤቱ ነው። በሞቃት አገር ደጋማ ቦታዎች ገበሬዎች ከምርት በኋላ ቅጠሉን በእጅ አራግፈው ዛፉን ለአዲስ አበባ ይቀሰቅሱታል። የሁለቱ ጭማቂ ታኒን ይጎድለዋል፤ በቤታቸው ሳይደር የሚሠሩ ሰዎች ወፍራም ሻይ ጨምረው ይሞሉታል። ለልጆች ጭማቂ ግን ምንም አይጎድለውም።

ችግኝ የሚገዛ ወላጅ ሻጩን ሁለት ስም ይጠይቀው፦ የላይኛውን ዝርያና የሥሩን። ሁለቱንም መናገር ካልቻለ ገንዘብዎን ይዘው ወደ ሌላ ሻጭ ይሂዱ።