«ጆሮው ይመግላል»፦ ለሦስት ክረምት ያልደረቀው ጆሮ

ይህን ያስጻፈኝ ከወረታ አንዲት እናት በኢንቦክስ የላኩልኝ መልእክት ነው። «ዶክተር፣ የልጄ ጆሮ መፍሰስ ከጀመረ ይኼ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። አሞክሳሲሊን ስሰጠው ትንሽ ይሻለዋል፣ ጉማራ ሲዋኝ ደግሞ ይመለሳል። አሁን መምህሩ ‹ስጠራው አይሰማኝም› አለኝ።»

ፎገራን የሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ልጅ ደግሞ ውኃ አይቶ አያልፍም። የጆሮ ታምቡር ደህና ከሆነ ውኃው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ከተቀደደ ግን ከነጀርሙ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ከ2 ሳምንት በላይ የፈሰሰ ጆሮ ሥር ወደ ሰደደ ኢንፌክሽን ሄዷል ማለት ነው። (ጆሮ ደግፍ ሌላ በሽታ ነው፣ አታምታቱት።)

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ሥራ ስጀምር ለእንዲህ ዓይነት ልጅ አሞክሳሲሊን ደጋግሜ ጽፌያለሁ። ስዋብ ያስወሰድኩት በአራተኛው ነው። የወጣው ሱዶሞናስ! ይህ ባክቴሪያ አሞክሳሲሊንን በተፈጥሮው አይፈራም፤ ልጁ በከንቱ ነበር የሚውጠው። ጎንደር በተሠሩ የጆሮ ፈሳሽ ጥናቶችም ሱዶሞናስ፣ ፕሮቲየስና ስታፊሎኮከስ ተደጋግመው ይወጣሉ።

ላብራቶሪው ምን ያደርጋል? የውጭው የጆሮ ቱቦ ይጸዳና ከውስጥ የሚመጣው መግል በስዋብ ይወሰዳል። ከዚያ ብዙ ጊዜ የበግ ደም የተቀላቀለበት ምግብ ላይ ይዘራና 37 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራል። ያው እርሻ በሉት። የበቀለው ባክቴሪያ ተለይቶ እንደገና ይዘራል፣ አንቲባዮቲክ የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶችም ይቀመጡበታል። በወረቀቱ ዙሪያ በቂ ስፋት ያለው ባዶ ክብ ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ባክቴሪያው ወረቀቱ ሥር ድረስ ከበቀለ አይሠራም። ውጤቱ 2 ወይም 3 ቀን ይፈልጋል።

ለሩዙ ወረታ ላይ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አለ፤ የጆሮ ካልቸር ግን በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ነገር አይደለም። ሪፈር አጽፎ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መሄድ ሊጠይቅ ይችላል።

ደግነቱ የፈሰሰ ጆሮ ሁሉ ካልቸር አይፈልግም። መጀመሪያ ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ በቀን 3 ጊዜ ማድረቅ፣ ከዚያ ሐኪም የሚያዘውን የሲፕሮፍሎክሳሲን ዓይነት ጠብታ ለ14 ቀን መጨረስ ነው። በዚህ እንቢ ካለ ነው ስዋብ የሚመጣው። ስዋቡ ከመወሰዱ በፊት የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደወሰደ ንገሯቸው፣ ውጤቱን ያዛባልና።

ቅቤ፣ የቅጠል ጭማቂ፣ የክብሪት እንጨት… ተዉት። ጀንታማይሲን ጠብታም ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ፤ ታምቡሩ ከተቀደደ ወደ ውስጥ ገብቶ መስሚያውን ሊጎዳው ይችላል። ከጆሮ ጀርባ እብጠት፣ የፊት መጣመም፣ ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ወይም የአንገት መገተር ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ለእኚያ እናት የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፦ ዋናው ይቁም፣ ገላውን ሲታጠብ ቫዝሊን የነካ ጥጥ ጆሮው አፍ ላይ ያድርጉለት፣ ሪፈር ያጽፉ፣ ጆሮው ቢደርቅም የመስማት ምርመራ ያሠሩለት። እስከዚያው መምህሩ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠው፣ ደህና በሚሰማው ጆሮ በኩል።