የኮሶ ትልና በሬ

በአገራችን ቁርጥና ጥሬ ክትፎ የማዕድ ክብር ሆነው በመኖራቸው የኮሶ ትልን በስሙ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ትሉ ወደ ሰው ከመሻገሩ አስቀድሞ በበሬው ሥጋ ውስጥ የሚያሳልፈውን ዘመን፣ ወደ በሬውም ከወዴት እንደ መጣ ያስተዋለው ብዙ አይደለም።

ምክንያተ ደዌው ሰው ነው። በሰው ትንሹ አንጀት በአራት መምጠጫዎቹ ተጣብቆ ከ4 እስከ 12 ሜትር የሚረዝመው ይህ ትል፣ እንቁላል ያረገዙ ቁራጮችን ከጫፉ እያፈራረቀ ይጥላል፤ እነዚህም ከዐይነ ምድር ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም በራሳቸው እየተሳቡ ይወጣሉ። በሜዳ የተበተነው እንቁላል እርጥበት ካገኘ ለወራት ሳይሞት ይቆያልና ከብት ሲግጥ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ከእንቁላሉ የወጣው ጽንስ የበሬውን አንጀት በስቶ፣ በደም ሥር ተጉዞ፣ ይልቁንም ከሥራ በማያርፉት ጡንቻዎች፣ ማለትም በልብ፣ በምላስ፣ በመንጋጋ፣ በወርችና ደረትን ከሆድ በሚለየው ሥጋ ውስጥ ማደሪያውን ያበጃል፤ በ10 ሳምንት ያህልም የአተር ፍሬ የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነጣ ያለ ከረጢት ሆኖ፣ የሚመጣውን ትል ራስ በውስጡ ሰውሮ ይጠብቃል።

በሬው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም ሳይታይበት ያርሳል፣ ይሰባልም፤ እንቁላሉን በብዛት የዋጠ ጥጃ ግን ትኩሳትና የጡንቻ መደንደን ያገኘዋል፣ ልቡም ሊታወክ ይችላል። ስለዚህ የቄራ ሥጋ መርማሪ መንጋጋውን፣ ምላሱንና ልቡን በቢላዋ እየሰነጠቀ ይመለከታል፤ ብዙ ከረጢት የተገኘበት ሥጋ ይወገዳል፣ ጥቂት የተገኘበት ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲቆይ ወይም እንዲቀቀል ይደረጋል። ይሁን እንጂ አንድ ሁለት ከረጢት ብቻ ያለበት ሥጋ ከመርማሪው ዓይን ማምለጡ አይቀርም።

ይህን ዑደት በሙከራ ያስረዳው የጀርመኑ ሊቅ ሩዶልፍ ሎይካርት ሲሆን፣ እርሱም በ1861 እ.ኤ.አ. የትሉን ቁራጮች ለጥጃ አብልቶ ከረጢቶቹን በሥጋው ውስጥ አገኘ። አባቶቻችን ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ በደጋ ተራሮች ላይ የሚበቅለውን የሴቴ ኮሶ ዛፍ አበባ አድርቀውና ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው እየጠጡ ትሉን ያስወጡ ነበር፤ ዛሬም ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት መድኃኒቶች ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

መድኃኒት ሁሉ ግን ትሉን ያወጣል እንጂ መንገዱን አይዘጋም፤ ኮሶ ጠጥቶ የወጣለትን በሜዳ የጣለ ሰው የራሱን ሆድ አንጽቶ የጎረቤቱን በሬ አሳድፏልና። ይህን ደዌ በሬ ከበሬ አይቀበለውም፤ ሁልጊዜ የሚቀበለው ከሰው ነው፤ ስለዚህ ሥጋን እስከ ውስጡ አብስሎ የሚበላ ራሱን ሲጠብቅ፣ መጸዳጃ ቆፍሮ በእርሱ የሚጠቀም ደግሞ ከብቱንም ሰውንም በአንድነት ይጠብቃል።