ስሟ የእኛ፣ ሞተሯ የሌላ

በደባርቅ ገበያ ማረሻ የሚገዛ የጃናሞራ ገበሬ፣ ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ማን እንደሚወስደው ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንጥረኛው ብረቱን አግሎና ቀጥቅጦ ስለቱን ይመልስለታል። የዕቃ ባለቤትነት የተሟላ የሚሆነው ዕውቀቱ አብሮ ሲኖር ነው። ይህን እውነት የዘነጋ ፋብሪካ ምን እንደሚገጥመው ከሆላንድ ካር ታሪክ እንማራለን።

ኢትዮጵያውያንና ሆላንዳውያን በሽርክና እ.ኤ.አ. በ2005 ያቋቋሙት ይህ ድርጅት፣ ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም ነበር። ከመኪኖቹ አንዷን «ዓባይ» ብሎ ሰየማት። ስሟ የወንዛችን ቢሆንም፣ ሞተሯና አካሏ የቻይናው የሊፋን ኩባንያ ሥራ ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ ሸሪኮቹ ተለያዩ፤ ሊፋንም እ.ኤ.አ. በ2009 ያንግፋን በተባለ ድርጅት በኩል ራሱ ወደ ገበያው ገባ። የትናንቱ አቅራቢ ተፎካካሪ ሆነ ማለት ነው። ሆላንድ ካር ፊቱን ጃክ ወደተባለው ሌላ የቻይና ኩባንያ አዞረ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2010 የብር ምንዛሪ ዋጋ ሲቀነስ፣ በውጭ ገንዘብ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ቅድሚያ የከፈሉ ደንበኞች መኪናቸውን እየጠበቁ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ድርጅቱ ከሰረ።

ከዚህ ተነሥተን ከውጭ ጋር መሻረክ ይቅር አንልም። የምንለው፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይመለሱ ነው። ሠራተኛው ብሎን ከማጥበቅ አልፎ ምን ይማራል? ሸሪኩ ቢሄድስ ሥራው ይቀጥላልን? እነዚህን ያልመለሰ ፋብሪካ፣ ምርቱን በወንዞቻችን ስም ቢጠራም መሠረቱ አሸዋ ነው።