ጊደርን ለመታለብ ማላመድ

መግቢያ

ይህ በራሪ ጽሑፍ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ዓላማው የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልድ ጊደር ያለ ዱላ በሰላም እንድትታለብ አስቀድሞ መደረግ ያለበትን ዝግጅት ማስረዳት ነው።

የሀገር ላም በአብዛኛው በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ወተት ትሰጣለች። ከዚህ ላይ ረግጣ የደፋችው ቢታከልበት ለሕፃናት የሚተርፍ የለም። ክልስ ጊደር ደግሞ የምትሰጠው ወተት ብዙ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ የምትገዛው በብድር ነው። ወልዳ አልታለብም ካለች ገበሬው በርካሽ ይሸጣታል፤ ላሟ ሄዳ ዕዳው ይቀራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው በጋጣው ውስጥ ይደርስበታል። ይህን ጉዳት ለማስቀረት የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ፣ ጥቂት ጨውና ትዕግሥት ይበቃል።

ጊደር ለምን ትራገጣለች?

በገበሬው ቤት ተወልዳ ከልጆች ጋር ያደገች ጊደር ብዙ ጊዜ ገራም ናት። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በመንጋ አድጋ በተገዛች ጊደር ላይ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዳር አካባቢ የተቋቋመው የአንዳሳ ማዕከል የፎገራን ዝርያ ሲጠብቅና ሲያሻሽል ቆይቷል። የፎገራ ላም ከፍሪዥያን ኮርማ ተዳቅላ የተገኙ ክልስ ጊደሮችም እርጉዝ ሆነው ለገበሬዎች ይከፋፈሉ ነበር። እንዲህ ያለች ጊደር በመንጋ ስታድግ ሰውን የምታውቀው ለክትባትና ለመድኃኒት ሲይዛት ነው። ስለዚህ የሰው እጅ ለእርሷ የሕመም ምልክት ነው።

ፍርሃት ወተትን የሚያስቀረው በሚከተለው ምክንያት ነው። ጥጃው ሲጠባ ወይም ግቷ በለብ ያለ ውኃ ሲታሸ ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ከአንጎል ሥር ወደ ደም ይለቀቃል፤ ወተቱም ወደ ጡቶቹ ይወርዳል። ይህ ኃይል የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ላሟ ስትደነግጥ ግን አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ሥራውን ያግደዋል፤ ወተቱ በግቷ ውስጥ እያለ አይወርድም። በዱላ ጸጥ ያለች ላም ቆማ ትታለብ ይሆናል፤ ወተቷን ግን ትይዛለች። የቀረው ወተት ለጡት በሽታ ያጋልጣታል፤ ምርቷም እየቀነሰ ይሄዳል።

የማላመድ ሥራ ቅደም ተከተል

ሥራው መጀመር ያለበት ጊደሯ ከመውለዷ 3 ወር ቀደም ብሎ ነው። ወደፊት የሚያልባት ሰው ራሱ ያላምዳት። አላቢዋ የቤት እመቤቷ ከሆነች ጊደሯን መያዝ ያለባት እርሷ ናት፤ አባወራው አላምዶ ለእርሷ ቢያስረክብ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

1ኛ. ማቀራረብ (ከ1ኛው እስከ 2ኛው ሳምንት)። ጠዋትና ማታ በአንድ ሰዓት ጨው፣ ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ በእጅ ይሰጣት። ከብት በስተኋላዋ ያለውን ስለማታይ ወደ እርሷ የሚቀርበው ሰው ከጎን፣ ወደ ትከሻዋ፣ ድምፁን እያሰማ ይሁን። በስም መጥራትም ይጠቅማል።

2ኛ. ገመድ ማስለመድ (ከ3ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት)። በሚያንቅ ሸምቀቆ ሳይሆን በራስ ገመድ ትታሰር። መጀመሪያ ለ10 ደቂቃ፣ ቀስ በቀስም እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ቆማ ትብላ። ቋጠሮው ብትወድቅ ቶሎ የሚፈታ ይሁን።

3ኛ. ገላዋን መዳሰስ (ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት)። ከትከሻ ተጀምሮ ወደ ጀርባ፣ ወደ ሆድ፣ ወደ ጭንና በመጨረሻ ወደ ግት ይደረስ። እግሯን ብታነሣ እጅን ወዲያው መሸሽ አይገባም፤ ብትራገጥ ሰው እንደሚሄድላት ትማራለችና። እጅ በቀላሉ እዚያው ይቆይ፤ ጸጥ ስትል ይነሣ፤ ጨውም ይሰጣት። ሆኖም ከመውለዷ በፊት ጡቷን ጨምቆ ማለብ ክልክል ነው። የጡቷን ቀዳዳ የዘጋው ተፈጥሯዊ ውታፍ ከወጣ በሽታ ይገባበታል።

4ኛ. ማለቢያ ቦታ ማስለመድ (ከ9ኛው ሳምንት እስከ መውለጃዋ)። በየቀኑ ወደሚታለቡበት ቦታ ትምጣ፤ አላቢው በሚቀመጥበት ወገን በርጩማ ይቀመጥ፣ የማለቢያው ዕቃ ድምፅ ይሰማ፣ ግቷም በለብ ያለ ውኃ ይታጠብና ይደርቅ።

ከወለደች በኋላ

ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ እንገር ይጥባ። ሲታለብ ጥጃው ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠብቶ እናቱ ልትልሰው በምትችልበት ቦታ ፊት ለፊቷ ይታሰር። ግቷ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሳይቋረጥ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ታልቦ ይለቅ። ለጥጃው የሚበቃ ወተት መተው አይዘንጋ። ክልሷ ያለ ጥጃ እንድትታለብ ከተፈለገ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየበላች መታለብን ትልመድ። በዚህ የለመደች ላም ጥጃዋ ቢሞት እንኳ የመንጠፍ ዕድሏ ይቀንሳል።

በጾም ወራት ቤተሰቡ ወተት ባይጠጣም የማለቢያው ሰዓት አይቋረጥ፤ ወተቱ ለቅቤ ይጠራቀማል። የሚጠጣው ወተትም ይፈላ።

ገራም የነበረች ላም ድንገት ብትራገጥ በቅድሚያ ጡቷ መመርመር አለበት። ቁስል፣ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የረጋ ወተት ከታየ ምክንያቱ ሕመም ስለሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ይደረስ። ጠባይዋ በድንገት ተለውጦ ለሃጭ የምታዝረበርብና ያለማቋረጥ የምትጮህ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። እጅ በአፏ አይግባ፤ ወተቷ አይጠጣ፤ ሐኪም ይጠራ። ለሃጯ የነካው ሰው ገላውን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ ድርሻ

ሀ) ማኅበሩ ጊደር ከማከፋፈሉ በፊት «የሚያልባት ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሥልጠናው ላይም አላቢዋ ራሷ ትገኝ።

ለ) ጊደር የሚረከበው ቤተሰብ ቢቻል ከመውለዷ 3 ወር አስቀድሞ ይረከብ። ልትወልድ ሳምንት የቀራትን ጊደር ማስረከብ ችግሩን ለቤተሰቡ ማስረከብ ነው።

ሐ) ፉርሽካና ፋጉሎ በማኅበሩ በኩል በጋራ ይገዛ።

መ) የልማት ሠራተኛው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጎብኝ፤ ገመድ ሲጀመር፣ ግቷ መዳሰስ ሲጀምርና በወለደች ሳምንት። ጊደሯ እያመነዠከች አራቱንም ጡቶቿን ካስዳሰሰች ዝግጅቱ ተሟልቷል ማለት ነው።