የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት አንድሮሜዳን ፈልጉ

እዚህ ባህር ማዶ ልጆቻችን ስለ ዜውስና ስለ ቶር የሚሰሙት ከትምህርት ቤት፣ ከፊልምና ከጌም ነው። ጥያቄው ግን ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል። መልስ ፍለጋ መጽሐፍ ቤት ስንገባ ደግሞ ሽፋኑ ሁሉ ያምራል፤ ርዕሱ ሁሉ “የዓለም አፈ ታሪክ” ይላል። ታዲያ የቱን እንመን?

ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። የማላውቀው ኮድ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ከየት እንደመጣና ማን እንደነካካው ነው። ለመጽሐፍም ይሄው ይሠራል። መፈተሻዬ አንዲት ስም ናት፤ አንድሮሜዳ።

በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፊየስ ልጅ ናት። እናቷ በውበት በመመካቷ ልጂቱ ለባሕር አውሬ ተሰጥታ ከዐለት ጋር ታሰረች፤ ፐርሲየስም አዳናት። ማውጫው ላይ ስሟን ፈልጉና ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ታሪኩ ከየትኛው ጥንታዊ ጸሐፊ እንደተወሰደ ይናገራል? ሁለተኛ፣ ሌላ ትረካ መኖሩን ይጠቁማል? ቦታው በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የተባለችው የዛሬዋ ጃፋ ናት ያሉ ጥንታውያን አሉና። ሦስተኛ፣ “ኢትዮጵያ” ሲል የትኛዋን ማለቱ ነው? ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር እንጂ የዛሬዋን አገራችንን ብቻ አልነበረም። ይህን ሳያብራራ የሚያልፍ መጽሐፍ ደስ ያሰኘን ይሆናል እንጂ አያስተምረንም።

እስቲ ታዋቂዎቹን እንያቸው (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቶማስ ቡልፊንች በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ለጨዋ ሰው አይመጥኑም ያላቸውን ታሪኮች ሆን ብሎ አስቀርቷል። ለንባብ ጥሩ ነው፤ ለማጣቀሻ ግን ጎዶሎ ነው። የኤዲት ሃሚልተን የ1942 “ሚቶሎጂ” ርዕሱ ሰፊ ይሁን እንጂ ውስጡ ግሪክና ሮም ነው፤ መጨረሻው ላይ ጥቂት የሰሜን አውሮፓ ታክሎበታል። ደግነቱ ምንጮቿን ትናገራለች። ሮበርት ግሬቭስ በ1955 መጽሐፉ ምንጮቹን በዝርዝር ያስቀምጣል፤ የራሱን ትርጓሜ ግን ብዙ ምሁራን አይቀበሉትም። ምንጩን ውሰዱ፣ ትርጓሜውን በጥንቃቄ።

“ዓለም” የሚሉት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አፍሪካን እንደ አንድ መንደር በጥቂት ገጽ ጠቅልለው ያልፏታል። ስለዚህ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከመግዛት በየአካባቢው የተጻፈውን መምረጥ ይሻላል። ለሜሶፖታሚያ የስቴፋኒ ዳሊ የ1989 ትርጉም የጊልጋሜሽን የተለያዩ ቅጂዎች ለየብቻ ያቀርባል። ለአፍሪካ ደግሞ ሃሮልድ ሹብ በ2000 በኦክስፎርድ ያሳተመው መዝገበ ቃላት አለ። ሁሉንም ከመግዛታችሁ በፊት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዋሱና ፈትሹ።

አንድ ነገር ግን ከየትም አትገዙትም፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን የሚያውቁትን ተረት። በስልክ ስታወሯቸው ቅዱት፤ ማን፣ የት አገር፣ ከማን ሰምቶ እንደነገራችሁም አብራችሁ ጻፉ። ከግሬቭስ ምንጭ የምንጠይቅ ሰዎች ለራሳችን ተረት ምንጭ ሳናስቀምጥ ብንቀር፣ ነገ ልጆቻችን ማውጫው ላይ ሲፈልጉን አያገኙንም።