እምቦጭ

እምቦጭ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መጤ አረም ሲሆን መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ መኖሩ ታወቀ። በጣና ይበልጥ የተጎዳው የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ዳርቻ ነው። አረሙ ጀልባ ያግዳል፣ ዓሣ ማስገርን ያውካል፣ የከብት ግጦሽ ይሸፍናል።

ገበሬዎች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጅ ይነቅሉታል፤ የማጨጃ ማሽኖችም ተሠማርተዋል። ሆኖም የቀረ ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ አረሙ ሳያብብ መነቀል፣ የተነቀለውም ከውሃው ርቆ መድረቅና መቃጠል አለበት። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ቅጠሉን የሚበሉ ነቀዞች ተለቅቀው ነበር። ወደ ሐይቁ የሚገባው የማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ እስካልቀነሰ ድረስ ግን አረሙ ምግብ አያጣም።