የቮልስ ቺንጋና ቀይዋ መብራት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከአንድ ወዳጃችን ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ስንጓዝ፣ አለልቱን እንዳለፍን በፍጥነት መለኪያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ቦግ አለች። ወዳጃችን በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ መኪናውም አባቱ ሃያ ዓመት ከነዱት በኋላ ለምረቃው የሰጡት ቮልስ ነው። መብራቷን አየት አደረገና «ይህች የባትሪ ናት፤ ባትሪው ደግሞ አዲስ ስለሆነ እስክንደርስ ይበቃናል» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኛም ከእርሱ የተሻለ ዕውቀት አልነበረንምና አመንነው። ሸኖ ከመግባታችን በፊት የተቃጠለ ዘይት ሸተተን፤ ከኋላችንም ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ፤ ጥቂት ሳንሄድ ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር አለ።

ያች መብራት በእርግጥ ምን ትናገር እንደነበር የተረዳነው ከዚያ ወዲህ ከመካኒኮች ጋር ቆመን እጃችንን በዘይት ካሸን በኋላ ነው። ከአባቱ ወይም ከአጎቱ አሮጌ መኪና የሚረከብ ወጣት ዛሬም ብዙ ስለሆነ የተማርነውን ልናካፍል ወደድን።

እንደሚታወቀው ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩ የሚበርደው በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚገፋው ቬንቶላ የተሰካው በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ከሞተሩ ከታችኛው ፑሊ የሚነሣ አንድ የጎማ ቺንጋ ነው። እንግዲህ የመኪናው ኤሌክትሪክም፣ የሞተሩም ማቀዝቀዣ በዚያ በአንድ ቺንጋ ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ ማለት ነው። በሌሎች መኪኖች ውሃው ሲፈላ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ብሎ ይናገራል፤ አብዛኛው ቮልስ ግን ይህ መለኪያ የለውም። ቺንጋው ሲበጠስ የምትናገረው ያች ቀይ መብራት ብቻ ናት።

መብራቷ የተዘረጋችው በባትሪውና በዲናሞው መካከል ነው። ሁለት እኩል ጉልበት ያላቸው ሰዎች ገመድ ሲጓተቱ ገመዱ ወዴትም እንደማይሄድ ሁሉ፣ የዲናሞው ቮልት ከባትሪው ቮልት ጋር ሲተካከል በመብራቷ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ አይኖርምና ትጠፋለች። ዲናሞው ሲደክም ወይም ሲቆም የባትሪው ኃይል ወደዚያ ወገን ይፈስሳል፤ መብራቷም ትበራለች። ስለዚህ ስለ ባትሪው ጤንነት የምትነግረን ነገር የለም፤ የወዳጃችንም ስሕተት ከዚህ ላይ ነበር። ባትሪው አዲስ ሆነ አሮጌ፣ እየሄድን ሳለ መብራቷ በድንገት ቦግ ካለች መኪናውን ወዲያው ዳር አስይዞ ሞተሩን ማጥፋትና ወርዶ ከኋላ ቺንጋውን ማየት ያስፈልጋል። «እስከሚቀጥለው ከተማ» ማለት አይቻልም።

ሁልጊዜ መብራቷ ስትታይ ግን መደንገጥ አይገባም። ቁልፉን አዙረን ሞተሩ ገና ሳይነሣ መብራት አለባት፤ ያን ጊዜ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይም ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይም የዲናሞው ካርቦን አልቆ አልነካ ብሏል። እንዲህ ባለ መኪና መጓዝ ዘበኛ አሰናብቶ እንደ መተኛት ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ብልጭ ድርግም ብትል፣ ነዳጅ ሲሰጠውም ብትጠፋ ነገሩ የዲናሞ ጠባይ ነው። ፍጥነት እያለን ፈዘዝ ብላ ከቀረች ግን ቺንጋው ላልቷል፣ ወይም ካርቦኑ ተበልቷል፣ ወይም ሬጉላቶሩ ወይም የሽቦ መጋጠሚያ ታሟል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቺንጋውን መመርመር የሚገባው ርካሽም ቅርብም ስለሆነ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት መጫን ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከሰጠ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይንሸራተታል፤ ቬንቶላውም ዲናሞውም የሚገባቸውን ያህል አይዞሩም። እጅግ ከጠበቀ ደግሞ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። ቀጥሎ ቺንጋውን ገልበጥ አድርጎ የውስጡን ፊት ማየት ይገባል፤ የተሰነጣጠቀ፣ ጠርዙ ክር ያወጣ፣ ዘይት ጠጥቶ ያበጠ መለወጥ አለበት። አንዱ ጎኑ ብቻ ከተበላ ፑሊዎቹ ትይዩ አይደሉም።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሚያብረቀርቅ ቺንጋ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ሲያበራ «አዲስ ይመስላል» ይባላል፤ ነገር ግን ያ ማብረቅረቅ የመንሸራተት ምልክት ነው። ቺንጋው ፑሊውን የሚይዘው በሆዱ ሳይሆን በሁለቱ ጎኖቹ ነው፤ በእንጨት ስንጥቅ መካከል እንደ ገባ ሽብልቅ ተወጥሮ ይዞራል። ጎኖቹ አልቀው ቀጥነው ወደ ፑሊው ወለል ሲወርድ ሽብልቅነቱ ይቀራል፤ በሆዱ እየተንፏቀቀ ይሞቃል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። በሞተሩ ክፍል ውስጥ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር የጎማ ብናኝ ካየን ሥራው ተጀምሯል።

የማጥበቂያው ዘዴ ደስ የሚያሰኝ ነው። የዲናሞው ፑሊ ከሁለት ግማሾች የተሠራ ሲሆን በመካከላቸው ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ካቻቢቴ በውስጠኛው ግማሽ ጠርዝ ባለው ቁርጥ አስገብቶ በዲናሞው ብሎን ላይ አስደግፎ ፑሊው እንዳይዞር ከያዙ በኋላ ዳዶውን መፍታት ነው። ከመካከል አንድ ሮንዴላ ሲወጣ ሁለቱ ግማሾች ይቀራረባሉ፤ ቺንጋውም ወደ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፤ በውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይቀመጣል፤ ቺንጋው አዲስ ሲሆን ተመልሶ ወደ መካከል ይገባልና። ሮንዴላዎቹን የጣለ ሰው ያለበትን መኪና አይተናል፤ ቀጣዩ ባለቤት የሚከፍለው ዕዳ ነው። አዲስ ቺንጋ ትንሽ ስለሚለጠጥ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መታየት አለበት። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያሳለፈ ጎማም ይደርቃልና ሲገዙ አጠፍ አድርጎ ማየት ይበጃል።

ቺንጋው ደኅና ሆኖ ባትሪው እየሞተ ካስቸገረ ቮልት መለኪያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ሞዴል ድረስ የነበሩት ቮልሶች በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ሲሆኑ፣ ከ1967 ሞዴል ወዲህ 12 ቮልት እየተለመደ ሄዷል። የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሳለ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሲዞር ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ቁጥሩ ከ12.6 ካልተነቃነቀ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ ሌላ ባትሪ ቢገዙም ያው ይሆናል። ዲናሞ ደግሞ እንደ ዘመናዊው አልተርኔተር በዝግታ ዙር ብዙ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። በክረምት ማታ፣ መብራቱም የዝናብ መጥረጊያውም በርቶ፣ በአዲስ አበባ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ አንድ ሰዓት የቆመ ቮልስ ሁሉ ነገሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ባትሪው ሊደክም ይችላል። መድኃኒቱ በማግስቱ ረዘም ያለ መንገድ መንዳት ነው።

ወዳጃችን ያን ዓመት ሁለት ባትሪ ገዝቷል። አንድ የባትሪ ነጋዴ «ሞቷል» ባለው ቁጥር ይለውጥ ነበር፤ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን የነካ ግን አልነበረም። የሁለቱ ባትሪዎች ዋጋ ስንት ቺንጋ እንደሚገዛ አስልተን ነበር፤ ለእርሱ ስንል አንጽፈውም።

ሞተሩ ተፈትቶ እስኪታደስ አራት ወር ፈጀ። መኪናው ከጋራዥ በወጣ ዕለት አባቱ መጥተው ነበር።

«ቀይዋ ስትበራ ቁም ብዬህ አልነበረም?» አሉት።

«ብለውኛል አባባ፤ የባትሪ መስላኝ ነው።»

ሽማግሌው ሌላ ቃል ሳይናገሩ የፊቱን ኮፈን ከፈቱና ከመጠባበቂያው ጎማ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አንድ ቺንጋና ለዳዶው የሚሆን ቁልፍ ነበሩ። ሸኖ መንገድ ላይ ስንቆምም እዚያው ነበሩ።

ቺንጋው ስለ ደረቀ አዲስ ተገዛ። ወዳጃችንም በጓሮ፣ አባቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየተመለከቱት፣ ያለ መካኒክ ሲያስገባ ሰዓት ይዘን ቆምን፤ 25 ደቂቃ ፈጀበት፤ ከዚያም ውስጥ አሥሩን ያጠፋው ከእጁ ያመለጠች አንዲት ሮንዴላ ሲፈልግ ነው።